የማስታወቂያ በጀትን ማከፋፈል፦ በመቶኛ፣ በደረጃ ወይስ በሊኒየር ፕሮግራሚንግ?

ለአንድ ወር ዘመቻ 1,200,000 ብር ተፈቅዷል። ቴሌቪዥን፣ ኤፍኤም ሬዲዮ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ፣ ቢልቦርድ ከፊት ተደርድረዋል። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ያደርጋል፦ የአምናውን መቶኛ ይደግማል፤ ወይም ሚዲያዎቹን ከርካሹ ወደ ውዱ አሰልፎ ከላይ እየሞላ ይወርዳል፤ ወይም ነገሩን በሊኒየር ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም ግዴታዎቹን ሁሉ ጠብቆ ትልቁን ውጤት በሚፈልግ የቀጥታ መስመር ስሌት፣ ይፈታዋል። ሦስተኛውም አንድ ወጥ አይደለም። ሙሉ ቁጥር እንዲያወጣ የተገደደ አለ፣ ሙሌትን (ማስታወቂያው በተደጋገመ ቁጥር ጥቅሙ መቀነሱን) የሚቆጥርም አለ። ሁሉንም በአንድ ምሳሌ ላይ እናስኪዳቸው፤ ልዩነታቸው የሚገለጠው ቁጥር ውስጥ ሲገቡ ነው።

ምሳሌው

ዕቃው የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ነው፤ በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም ይሸጣል። አንድ ሰው ማስታወቂያውን አንድ ጊዜ ሲያይ ወይም ሲሰማ «አንድ ዕይታ» ብለን እንቆጥራለን። በሠንጠረዡ ያሉት ቁጥሮች ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው እንጂ የማንም ጣቢያ ታሪፍ አይደሉም። የራሳችሁን ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ ተኩዋቸው።

| ሚዲያ | የአንዱ ዋጋ (ብር) | ዕይታ (ሺህ) | ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ዕይታ (ሺህ) | ጣሪያ |
|---|---|---|---|---|
| ቴሌቪዥን፣ የ30 ሰከንድ ስፖት | 40,000 | 260 | 140 | 20 |
| ኤፍኤም ሬዲዮ፣ የ30 ሰከንድ ስፖት | 4,000 | 36 | 4 | 100 |
| ፌስቡክና ቲክቶክ፣ አንድ ጥቅል | 10,000 | 110 | 20 | 30 |
| ቢልቦርድ፣ አንድ ቦታ ለአንድ ወር | 150,000 | 1,200 | 0 | 3 |

ጣሪያ የተባለው በዚያ ወር ሊገዛ የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ዙሪያ ያለው የአየር ሰዓት ውስን ነው፤ ጥሩ አደባባይ ላይ ያለ ቢልቦርድም ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አይገኝም።

ከዚህ ሌላ ሁለት ግዴታዎች አሉ። አከፋፋዮች በቴሌቪዥን ያላዩትን ዕቃ ለማንሳት ስለሚያቅማሙ ቢያንስ 6 የቴሌቪዥን ስፖት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ውጭ ደግሞ ቢያንስ 2,500 ሺህ ዕይታ መገኘት አለበት።

የትኛውንም ስሌት ከመጀመራችሁ በፊት ቫትን አስተካክሉ። አንዱ ጣቢያ ፕሮፎርማውን ከቫት ጋር፣ ሌላው «ቫትን ሳይጨምር» ብሎ ይልካል፤ ሁለቱ በአንድ ሠንጠረዥ ከተቀላቀሉ ያለ ቫት የተጻፈው ሚዲያ በሐሰት ርካሽ ሆኖ ይታይና ስሌቱ ወደዚያ ያደላል። ሁሉም ያለ ቫት ገብቶ በጀቱ ብቻ ከቫት ጋር ከሆነ ደግሞ ድልድሉ ያምራል፣ ክፍያው ግን በ15 በመቶ፣ ማለትም በ180,000 ብር ይዘላል። የዲጂታሉም ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሂሳቡ የሚወራረደው በዶላር ነውና፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአምናውን «በ10,000 ብር ይህን ያህል ዕይታ» ቀድቶ መጠቀም ስህተት ነው። የምንዛሪውን መጠን በአንድ ሴል ለብቻው አስቀምጡና የዲጂታሉ ቁጥር ከዚያ ይሰላ።

በመቶኛ ማከፋፈል

የአምናው ልማድ ቴሌቪዥን 50፣ ሬዲዮ 20፣ ዲጂታል 20፣ ቢልቦርድ 10 በመቶ ነበር እንበል። ለቢልቦርድ 120,000 ብር ይደርሳል፤ አንዱ ግን 150,000 ነው፤ ስለዚህ አይገዛም። ገንዘቡ ወደ ቴሌቪዥን ይዞርና 18 የቴሌቪዥን ስፖት፣ 60 የሬዲዮ ስፖትና 24 ጥቅል ይሆናል። ድምሩ 9,480 ሺህ ዕይታ ነው፤ ከክልል 3,240 ሺህ። ግዴታዎቹ ሁሉ ተሟልተዋል።

ዘዴው በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ ኃላፊውም አይከራከርበትም። ድክመቱ «ለምን 50 በመቶ?» ሲባል ከ«አምናም እንዲሁ ነበር» ሌላ መልስ አለመኖሩ ነው። ሆኖም ቶሎ አትናቁት፤ ወደ መጨረሻው ይመለሳል።

በደረጃ አሰልፎ መሙላት

እያንዳንዱ 1,000 ብር ስንት ሺህ ዕይታ ያመጣል ብሎ ማስላት ነው። ዲጂታል 11፣ ሬዲዮ 9፣ ቢልቦርድ 8፣ ቴሌቪዥን 6.5 ይወጣል። ከላይ ጀምራችሁ ስትሞሉ 30 ጥቅል፣ 100 የሬዲዮ ስፖትና 3 ቢልቦርድ 1,150,000 ብር ይበላሉ፤ በቀረው 50,000 አንድ የቴሌቪዥን ስፖት ይገዛል። ድምሩ 10,760 ሺህ ዕይታ፣ ከሁሉም ትልቁ ነው። ግን የቴሌቪዥኑ ግዴታ ፈርሷል፤ የክልሉም ዕይታ 1,140 ሺህ ብቻ ነው፣ ከሚፈለገው ግማሽ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንዱን ቢልቦርድ አውርዶ ቴሌቪዥን መጨመር፣ ከዚያ ሬዲዮ ቀንሶ እንደገና መደመር ይመጣል። ሁለት ግዴታ ሲሆን በእጅ ይዘለቃል። አምስት ሲሆን አንዱን ስታሟሉ ሌላው ይፈርሳል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን አለ። ያሉት ገደቦች ጠቅላላ በጀቱና የየሚዲያው ጣሪያ ብቻ ከሆኑ፣ ይህ የደረጃ ዘዴ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚሰጠውን መልስ በትክክል ይሰጣል። እንዲህ ላለ በጀት ሶልቨር (ይህን ስሌት የሚፈታውን የኤክሴል መሣሪያ) መክፈት ጊዜ ማባከን ነው። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ዋጋ የሚያወጣው አንድ ግዴታ ብዙ ሚዲያዎችን በተለያየ መጠን ሲነካ ነው፤ እዚህ የክልሉ ዕይታ እንደሚያደርገው።

ሊኒየር ፕሮግራሚንግ

ያልታወቁት አራት ናቸው፦ የቴሌቪዥን ስፖት ብዛት ቴ፣ የሬዲዮ ሬ፣ የዲጂታል ጥቅል ዲ፣ ቢልቦርድ ቢ። ገንዘቡን በሺህ ብር፣ ዕይታውን በሺህ እንጻፍ።

ከፍ እንዲል የሚፈለገው፦ 260×ቴ + 36×ሬ + 110×ዲ + 1,200×ቢ

በጀት፦ 40×ቴ + 4×ሬ + 10×ዲ + 150×ቢ ≤ 1,200

ክልል፦ 140×ቴ + 4×ሬ + 20×ዲ ≥ 2,500

ቴ ከ6 እስከ 20፤ ሬ እስከ 100፤ ዲ እስከ 30፤ ቢ እስከ 3፤ አንዱም ከዜሮ አያንስ።

የሕግ ክልከላም በዚሁ መልክ ይገባል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ስለተከለከለ፣ ለቢራ ፋብሪካ የሁለቱ ጣሪያ ዜሮ ነው።

መልሱ፦ 30 ጥቅል፣ 100 የሬዲዮ ስፖት፣ 10.71 የቴሌቪዥን ስፖት፣ 0.48 ቢልቦርድ። ድምሩ 10,257 ሺህ ዕይታ፤ የክልሉ ልክ 2,500 ሺህ፤ በጀቱ እስከ መጨረሻዋ ብር ያለቀ። የ0.48 ቢልቦርዱን ነገር ለጊዜው እንለፈው።

ከመልሱ ይልቅ ጠቃሚው አብሮት የሚወጣው የሴንሲቲቪቲ ሪፖርት፣ ማለትም ቁጥሮቹ ቢለወጡ መልሱ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ዝርዝር፣ ነው። ብዙዎች ሳይከፍቱት ፋይሉን ይዘጋሉ።

መጀመሪያ የበጀቱ ሻዶው ፕራይስ 8 ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ 1,000 ብር 8 ሺህ ዕይታ ያመጣል ማለት ነው፤ ይህም በጀቱ ከ1,128,571 እስከ 1,578,571 ብር ባለው መካከል እስካለ ድረስ ይጸናል። ሥራ አስኪያጁ «100,000 ብጨምርላችሁ ምን አገኛለሁ?» ቢሉ መልሱ 800 ሺህ ዕይታ አካባቢ ነው፤ እንደገና ማስላት አያስፈልግም።

የክልሉ ሻዶው ፕራይስ ደግሞ ኔጋቲቭ 0.43 ነው። እያንዳንዱ ሺህ ተጨማሪ የክልል ዕይታ ከጠቅላላው 430 ያህል ዕይታ ያስቀንሳል። የሽያጭ ክፍሉ «2,500ውን ወደ 2,700 አድርሱልን» ቢል ዋጋው 86 ሺህ ዕይታ ነው። ከ2,750 በላይ ግን ይህ ቁጥር አይሠራም፤ ቢልቦርዱ ዜሮ ስለሚሆን ቴሌቪዥን ለመጨመር የሚቆረጠው ሌላ ሚዲያ ይሆናል።

ሦስተኛው ንባብ የሚዲያዎቹ ቁጥር ምን ያህል ቢሳሳት ዕቅዱ እንደሚገለበጥ ነው። ዲጂታል በጥቅል 110 ሺህ ዕይታ ያመጣል ብለናል፤ ሪፖርቱ ይህ በ38.6 ቢወርድ እንኳ፣ ማለትም ወደ 71 ሺህ ቢጠጋ፣ 30ው ጥቅል እንደማይነቃነቅ ይናገራል። ሬዲዮ ላይ ያለው መፈናፈኛ ግን 5.7 ብቻ ነው። አንድ የሬዲዮ ስፖት 36 ሳይሆን 30 ሺህ ቢያመጣ 100 ስፖት መግዛት ትክክል መሆኑ ይቀራል። ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃ የጥናት ገንዘብ ብቻ ካላችሁ የሬዲዮውን ቁጥር በማጣራት ላይ አውሉት።

በኤክሴል ሶልቨር አንድ ወጥመድ አለ። ጣሪያዎቹ በቀጥታ በተለዋዋጮቹ (ባልታወቁት አራት ብዛቶች) ላይ የተጣሉ ስለሆኑ ዋጋቸውን በሻዶው ፕራይስ ዓምድ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ «ሪዲዩስድ ኮስት» በሚለው ዓምድ ነው የሚጻፉት። እዚህ ዲጂታል 38.6፣ ሬዲዮ 5.7 ይላል። የዲጂታሉን ጣሪያ በአንድ ጥቅል ማሳደግ፣ በጀቱ ሳይጨምር፣ 38.6 ሺህ ዕይታ ይጨምራል ማለት ነው።

ሙሉ ቁጥር ሲጠየቅ

ግማሽ ቢልቦርድ አይከራይም። ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ማጠጋጋት ነው፤ ይህ ግን በምሳሌያችን በሦስት አቅጣጫ ይሰናከላል። 10.71ን ወደ 10 ብታወርዱ የክልሉ ዕይታ 2,400 ይሆንና ግዴታው ይፈርሳል። ሁለቱንም ወደ ላይ፣ ወደ 11 እና ወደ 1 ብትወስዱ ወጪው 1,290,000 ይሆናል። ቴሌቪዥኑን 11፣ ቢልቦርዱን ዜሮ ብታደርጉ ዕቅዱ ይፈቀዳል፤ ግን 60,000 ብር ሥራ ፈትቶ ይቀርና ድምሩ 9,760 ሺህ ነው።

አራቱም ተለዋዋጮች ሙሉ ቁጥር ይሁኑ ብላችሁ ስታስፈቱት 13 የቴሌቪዥን ስፖት፣ 95 የሬዲዮ፣ 30 ጥቅል፣ ቢልቦርድ የለም ይላችኋል። ወጪው ልክ 1,200,000፤ ዕይታው 10,100 ሺህ፤ የክልሉ 2,800 ሺህ። በማጠጋጋት ከተገኘው በ340 ሺህ ይበልጣል። ከ60,000ው 12ኛው የቴሌቪዥን ስፖት ተገዝቶ 20,000 ብር ሲተርፍ፣ የሬዲዮ ስፖትን 5 ቀንሶ አንድ ቴሌቪዥን መጨመር በእጅ የሚታሰብ እርምጃ አይደለም፤ ያን 20,000 ብር ትራፊ ጠርጎ ለመጠቀም ነው ያደረገው።

እዚህም የኤክሴል ነባሪ ቅንብር ያሳስታል። ሶልቨር የሙሉ ቁጥር መልስ ሲፈልግ ከምርጡ በ1 በመቶ የሚርቅ ካገኘ እንዲያቆም ተደርጎ ነው የሚመጣው። በምሳሌያችን 12 ቴሌቪዥን፣ 100 ሬዲዮና 30 ጥቅል 10,020 ሺህ ዕይታ ይሰጣል፤ ከምርጡ በ0.8 በመቶ ያንሳል፤ እዚያ ቆሞ «መፍትሔ አግኝቻለሁ» ሊላችሁ ይችላል። በኦፕሽንስ ውስጥ «ኢንቲጀር ኦፕቲማሊቲ» የሚለውን ወደ 0 አውርዱት። ሙሉ ቁጥር ከጠየቃችሁ ደግሞ የሴንሲቲቪቲ ሪፖርት አይሰጣችሁም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አስኪዱት፦ መጀመሪያ ያለ ሙሉ ቁጥር ለሪፖርቱ፣ ቀጥሎ በሙሉ ቁጥር ለዕቅዱ።

የአንድ ጊዜ ወጪ፣ ለምሳሌ የቴሌቪዥን ማስታወቂያውን የማስቀረጽ ሂሳብ፣ እንዲሁ በሙሉ ቁጥር ነው የሚገባው። 0 ወይም 1 ብቻ የሚሆን ተለዋዋጭ ታክላላችሁ፤ የቀረጻው ወጪ በእርሱ ይባዛል፤ የቴሌቪዥኑ ስፖትም ከ20 ጊዜ እርሱ አይብለጥ ትላላችሁ። 20 የተባለው ጣሪያው ስለሆነ ነው። «ለማንኛውም» ተብሎ 1,000,000 ቢጻፍ ተለዋዋጩ 0.00002 ሆኖ ስሌቱ እንደ ዜሮ ሊያልፈውና ቀረጻው በነጻ ሊገባ ይችላል።

ሙሌት፦ ቀጥታ መስመሩ የሚሰበርበት ቦታ

እስካሁን 95ኛው የሬዲዮ ስፖት የመጀመሪያውን ያህል ጠቃሚ ነው ብለን ነበር የሠራነው። እውነቱ እንዲያ አይደለም። በታክሲ ውስጥ በየቀኑ ያንኑ ጣቢያ የሚሰማ ሰው ማስታወቂያውን ለአሥረኛ ጊዜ ሲሰማ አዲስ ነገር አያገኝም።

ስለዚህ ሬዲዮን እንክፈለው፦ የመጀመሪያዎቹ 40 ስፖቶች እያንዳንዳቸው 36 ሺህ ጠቃሚ ዕይታ፣ ቀጣዮቹ 30 እያንዳንዳቸው 24 ሺህ፣ የመጨረሻዎቹ 30 እያንዳንዳቸው 12 ሺህ። በስሌቱ አንዱን ሬ በሦስት ተለዋዋጮች መተካት ነው፤ ጣሪያቸው 40፣ 30፣ 30፤ ዋጋቸው ያው 4,000 ብር። ጥቅሙ እየቀነሰ ስለሚሄድ ሶልቨር ራሱ ከመጀመሪያው ክፍል ይጀምራል፤ ቅደም ተከተል ማስገደድ አያስፈልግም። አሁን የተሻለው ዕቅድ 13 ቴሌቪዥን፣ 20 ሬዲዮ፣ 30 ጥቅል፣ 2 ቢልቦርድ ሆነ። ሬዲዮ ከ95 ወደ 20 ወረደ፤ የተጣሉት ቢልቦርዶች ተመለሱ። ሪፖርቱ ሬዲዮ ላይ ያለው መፈናፈኛ ትንሽ ነው ብሎ ነበር።

ሦስቱን ዕቅዶች ጎን ለጎን እንያቸው፦

| ዕቅድ | ቴሌቪዥን | ሬዲዮ | ጥቅል | ቢልቦርድ | ሙሌት ከሌለ (ሺህ) | ሬዲዮ ሲሞላ (ሺህ) |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የአምናው መቶኛ | 18 | 60 | 24 | 0 | 9,480 | 9,240 |
| ሙሉ ቁጥር፣ ቀጥታ መስመር | 13 | 95 | 30 | 0 | 10,100 | 9,140 |
| ሙሌትን የቆጠረ | 13 | 20 | 30 | 2 | 9,800 | 9,800 |

ሁለተኛውን ረድፍ ደግማችሁ አንብቡት። በወረቀት ላይ አንደኛ የነበረው ዕቅድ፣ ሬዲዮ በእርግጥ የሚሞላ ከሆነ፣ ከአምናው መቶኛ ያነሰ ውጤት ያመጣል። ስሌቱ ተሳስቶ አይደለም። ማሽኑ የሰጠነውን ቁጥር አምኖ እስከ ጥግ ይሄዳል፤ የተጋነነ ቁጥር ካለ ገንዘቡን የሚከምረው እዚያ ላይ ነው። መቶኛው ግን ስለማያውቅ ይበታትነዋል፤ አለማወቁም እንደ መድን ያገለግለዋል።

ይህ ቅሬታ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ዳንዚግ ሊኒየር ፕሮግራሚንግን የሚፈታውን የሲምፕሌክስ ዘዴ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ማስታወቂያ ድርጅቶች ለሚዲያ ምርጫ ሞከሩት፤ መልሱ በጥቂት ሚዲያዎች ላይ እስከ ጣሪያ የሚቆለል በመሆኑም ወዲያው ትችት ተነሳበት። ጆን ሊትልና ሌናርድ ሎዲሽ በ1969 ድግግሞሽን፣ መርሳትንና እየቀነሰ የሚሄድ ጥቅምን ያካተተ የሚዲያ ዕቅድ ሞዴል አሳተሙ።

የክፍሎቹን ቁጥር ከየት ታመጣላችሁ? የቅናሽ ኩፖን ወይም ለየሚዲያው የተለየ ስልክ ቁጥር ካላችሁ፣ በሳምንት 10፣ 20 እና 30 ስፖት በተላለፈባቸው ሳምንታት የመጣውን ጥሪ አስተያዩ። ከሌላችሁ በግምት ጀምሩ፤ ሻካራ ግምት «አይሞላም» ከሚለው ሐሰት ይሻላል። ጥንቃቄው፦ ጥቅሙ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ቀጥሎ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ15 ስፖት በታች ማንም የማያስታውሰው ከሆነ፣ ሶልቨር ሁለተኛውን ክፍል ከመጀመሪያው በፊት ይሞላዋል። ያን ጊዜ ባለ 0ና 1 ተለዋዋጭ የግድ ነው።

ዕይታን መደመርም ራሱ ሰውን መቁጠር አይደለም። ቴሌቪዥኑ ከታለመው ሕዝብ 50 በመቶ፣ ሬዲዮው 30 በመቶ ቢደርስ፣ ሁለቱ አድማጮች እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ ቢያንስ አንዱ የደረሰው ሰው 65 በመቶ ነው እንጂ 80 አይደለም። ይህ ብዜት ስለሆነ በቀጥታ ሊኒየር ውስጥ አይገባም። «ስንት የተለያየ ሰው ደረስን» የሚለው ዋና ጥያቄያችሁ ከሆነ ሙሌቱን ጠበቅ አድርጉ ወይም ወደ ሌላ ዓይነት ስሌት ሂዱ።

ለማን የትኛው?

ሁለት ወይም ሦስት ሚዲያና አንድ በጀት ብቻ ያለው ሱቅ በደረጃ ይሙላ፤ ከዚያ በላይ ድካም ነው። ቁጥሮቹን በጭራሽ የማያምናቸው፣ አዲስ ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው ለመጀመሪያው ወር በመቶኛ ቢበትን አያፍርም፤ ዋናው ሥራው ከየሚዲያው የሚመጣውን ጥሪ መመዝገብ ነው። የክልል፣ የአከፋፋይ፣ የሕግ ግዴታ የተደራረበበት ድርጅት ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ያስፈልገዋል። አንዱ ግዢ ከበጀቱ አሥር በመቶውን ያህል የሚበላ ከሆነ (ቢልቦርዱ 12.5 ነው) ሙሉ ቁጥር ይጨመር፤ ትልቁ ግዢ ከአንድ በመቶ በታች ከሆነ ወደ ታች ማጠጋጋት ይበቃል። ዕቅዱ አንድን ሚዲያ እስከ ጣሪያው ከሞላው ደግሞ ለዚያ ሚዲያ ብቻ ሙሌት ክተቱ፤ ለሁሉም መክተት አያስፈልግም።

መሣሪያው

ኤክሴል ላይ ሶልቨር አብሮ ይመጣል፤ ግን ተኝቶ ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድ-ኢንስ፣ ጎ ብላችሁ ሶልቨር አድ-ኢንን ምልክት ስታደርጉ ዳታ በሚለው ትር ላይ ይወጣል። አራት ባዶ ሴሎች ለተለዋዋጮቹ፣ ለዕይታው፣ ለወጪውና ለክልሉ የሰምፕሮዳክት ቀመር፤ ከዚያ ዘዴውን «ሲምፕሌክስ ኤልፒ» አድርጉ። ነባሪው «ጂአርጂ ኖንሊኒየር» ነው፤ ለእንዲህ ያለ ስሌትም ብዙ ጊዜ መልስ ይሰጣል፤ ግን ሪፖርቱ የተለየ ስለሆነ ቁጥሩ ከስንት እስከ ስንት እንደሚጸና አታዩበትም። የኤክሴል ሶልቨር እስከ 200 ተለዋዋጭ ይቀበላል። አሥር ጣቢያ በአራት የአየር ሰዓት በአራት ሳምንት 160 ነው፤ የ15 እና የ30 ሰከንድ ስፖት ከለያችሁ 320 ሆኖ ከአቅሙ ያልፋል።

ሊብረኦፊስ ካልክ በነጻ የሚገኝ ነው፤ ቱልስ ሥር ሶልቨር አለው። ተለዋዋጮቹ ከዜሮ እንዳያንሱ የሚለው ምርጫ ኦፕሽንስ ውስጥ ምልክት እንዳለው አረጋግጡ፤ ካልሆነ ኔጋቲቭ 40 የሬዲዮ ስፖት «ሸጦ» በገንዘቡ ዲጂታል ሊገዛላችሁ ይችላል። ጉግል ሺትስ የራሱ ሶልቨር ስለሌለው ኦፕንሶልቨርን የመሰለ ተጨማሪ መጫን ይጠይቃል። ከ200 ተለዋዋጭ በላይ ከሆነ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው የሚሻለው፦ ፐልፕ የሚባለው የፓይተን ተጨማሪ ገደቦቹን እንደ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ይመቻል፤ ሌላው ተጨማሪ፣ የሳይፓይ ሊንፕሮግ፣ ግን ማሳነስ ብቻ ስለሚያውቅ የዕይታ ቁጥሮቹን ሁሉ በኔጋቲቭ ማስገባት አለባችሁ። ይህን የረሳ ሰው ግዴታዎቹን ለጥቂት ያሟላና የቀረውን ገንዘብ ሳይነካ የሚተው «ምርጥ» ዕቅድ ይደርሰዋል።

ሲበላሽ

የመስመራዊነት ሁኔታ አልተሟላም የሚል መልእክት ከመጣ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው «ኢፍ» ወይም «ማክስ» የሚል ቀመር ነው፣ ካልሆነም ማካፈል። «ቴሌቪዥን ከጠቅላላው ወጪ ቢያንስ 30 በመቶ ይሁን» የሚለውን በማካፈል አትጻፉት። የቴሌቪዥን ወጪ ሲቀነስ 0.3 ጊዜ ጠቅላላ ወጪ ከዜሮ አይነስ በሉት፤ ትርጉሙ ያው ነው፣ ግን መስመር ነው።

ግቡ ማቆሚያ የለውም ካለ ብዙውን ጊዜ የበጀቱ ገደብና ቢያንስ አንድ ጣሪያ አብረው ተረስተዋል።

ሊሟላ የሚችል መፍትሔ የለም ሲል ግን የትኛው ግዴታ ከየትኛው እንደተጋጨ አይነግራችሁም። ገደቦችን አንድ በአንድ እያነሱ መሞከር ይቻላል፤ የተሻለው መንገድ ግን ለተጠረጠረው ግዴታ «ጉድለት» የሚባል አዲስ ተለዋዋጭ መጨመር ነው። የክልሉ ዕይታ ሲደመር ጉድለት ከሚፈለገው አይነስ ትላላችሁ፤ ከግቡ ላይም ጉድለቱን በትልቅ ቅጣት፣ ለምሳሌ በ100 አባዝታችሁ ትቀንሳላችሁ። የሽያጭ ክፍሉ 5,000 ሺህ የክልል ዕይታ ጠየቀ እንበል። ስሌቱ ያለ ጉድለት «አይቻልም» ብቻ ይላል። ከጉድለቱ ጋር 20 ቴሌቪዥን፣ 30 ጥቅልና 25 ሬዲዮ አውጥቶ ጉድለቱን 1,500 ይላችኋል። በዚህ በጀትና በእነዚህ ጣሪያዎች ከክልል ሊገኝ የሚችለው የመጨረሻው ቁጥር 3,500 ሺህ ነው፤ ከሽያጭ ክፍሉ ጋር የሚደረገው ድርድርም ከዚያ ቁጥር ይጀምራል።